ዓሣውም አስጋሪውም እንዲቀጥሉ፦ የአቡ ዳቢ የባሕር ዳርቻ ማኅበረሰብ የረጅም ጊዜ ዕቅድ

በማርች ወር አጋማሽ ከአል ሪም ደሴት ወደ ሚና ዛይድ የዓሣ ገበያ የሚሄድ ሸማች ሸዕሪ የሚባለውን ዓሣ ቢጠይቅ አያገኝም። በበረዶ የተሞሉት መደቦች በሌላ የዓሣ ዓይነት ተሸፍነዋል፤ ዓሣ የሚያጸዱትና የሚጠብሱትም እንደወትሮው ሥራ ላይ ናቸው። ለአሠሪዎቿ ምሳ ዓሣ እንድትገዛ የተላከች ሠራተኛም ሆነች ለምግብ ቤት የሚሸምት አብሳይ የሚሰሙት መልስ ግን አንድ ነው፤ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ መጠበቅ። በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ከማርች 1 እስከ ኤፕሪል 30 ባለው ጊዜ ሸዕሪንና ሳፊን ማጥመድም ሆነ መሸጥ የተከለከለ ነው። እነዚህ ዓሦች የሚራቡት በዚህ ወቅት በመሆኑ፣ በአንድ መረብ የሚወጣው የዛሬው ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥሉት ዓመታት ዓሣም ነው።

የሁለት ወሩ ክልከላ ለሸማች ትንሽ የመደብ ለውጥ ነው። ኑሮውን በባሕር ላይ ለመሠረተ ሰው ግን የሁለት ወር ገቢ ጉዳይ ነው። የአቡ ዳቢ የባሕር ሀብት ዕቅድ ክብደቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ዓሣውን የሚያድነው እያንዳንዱ እርምጃ በመጀመሪያ የሚያርፈው በአስጋሪው ጫንቃ ላይ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ሁለት ጥያቄዎችን አንድ ላይ መመለስ ይኖርበታል። አንደኛው ዓሣው ይመለሳል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ሲመለስ የሚያጠምደው የባሕር ዳርቻ ማኅበረሰብ በቦታው ይገኛል ወይ የሚለው ነው።

ዛሬ በረጃጅም ሕንፃዎች የተሞላው አል ሪም ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ሰው የማይኖርበት ደሴት ነበር። ከአቡ ዳቢ ዋና ደሴት የሚለየው ጠባብ የባሕር ሰርጥ ሲሆን፣ ዙሪያውም ለዘመናት ዓሣ ሲጠመድበት የኖረ ውኃ ነው። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ ቀድሞ ኡም አን ናር ይባል በነበረው ሳስ አል ነኸል ደሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የዴንማርክ የቅርስ ጥናት ቡድን ቁፋሮ ጀምሮ ከ4,000 ዓመታት በላይ ያስቆጠረ ሠፈር አግኝቷል። የሠፈሩ ነዋሪዎች ዓሣና ዱጎንግ የተባለውን የባሕር ላም ይመገቡ እንደነበር ከቅሪቱ ታውቋል። በዚህ የባሕር ዳርቻ ሰውና ዓሣ የሚተዋወቁት ከከተማውም ከነዳጁም በፊት ነው።

ይህ ትውውቅ የተናጋው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በአገሪቱ ውኃዎች የተካሄደው የዓሣ ክምችት ጥናት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከተካሄደው ጋር ሲነጻጸር፣ በባሕሩ ወለል አቅራቢያ የሚኖሩት ለንግድ የሚፈለጉ ዓሦች ከ80 በመቶ በላይ ቀንሰው ተገኝተዋል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሞተር ያላቸው ጀልባዎች በዙ፣ የመረብና የወጥመድ ቁጥር ጨመረ፣ የከተሞች ሕዝብ አደገ፣ የባሕር ዳርቻውም ተገነባ። በተለይ ሐሙር፣ ሸዕሪና ፈርሽ የተባሉት ሦስት ዓይነቶች ሊሸከሙት ከሚችሉት መጠን እስከ አምስት እጥፍ ይጠመዱ ነበር።

የሐሙር ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባል። ሐሙር ሕይወቱን የሚጀምረው እንስት ሆኖ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ሰውነቱ ሲገዝፍ ከፊሉ ወደ ወንድነት ይለወጣል። በገበያ የሚወደደው ደግሞ ትልቁ ዓሣ ነው። ትልልቆቹ እየተለቀሙ ሲወጡ ውኃው ውስጥ የሚቀሩት ወጣት እንስቶች ብቻ ይሆናሉ፤ ዓሣው ገና ብዙ መስሎ እየታየ የመራባት አቅሙ ተዳክሞ ይቆያል። አስጋሪው ይህን የሚያውቀው ዘግይቶ፣ የሚያወጣው ዓሣ ከዓመት ዓመት እያነሰ ሲመጣ ነው። ሐሙር በአገሪቱ ማዕድ እንደ ክብር ምግብ የሚታይ መሆኑ ጉዳቱን አባብሶታል፤ የተወደደ ዓሣ ከተጠላ ዓሣ ይልቅ አደጋ ላይ ነው።

ለዚህ ምላሽ ከተወሰዱት እርምጃዎች ትልቁ ገርጉርን ይመለከታል። ገርጉር ከሽቦ የተሠራ፣ የተደፋ ቅርጫት የሚመስል ወጥመድ ነው። ማስገቢያው ወደ ውስጥ እየጠበበ ስለሚሄድ የገባ ዓሣ መውጫውን አያገኝም። በባሕሩ ወለል ላይ ተትቶ ለቀናት ይቆያል፤ ትልቁንም ትንሹንም፣ የሚፈለገውንም የማይፈለገውንም ሳይለይ ይይዛል። ገመዱ ተበጥሶ ሲጠፋ ደግሞ ባለቤት የሌለው ወጥመድ ሆኖ ማጥመዱን ይቀጥላል፤ ውስጡ የሞተው ዓሣ ሌላውን እየሳበ፣ ማንም ሳያወጣው፣ ለወራት። የአቡ ዳቢ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከአየር ንብረት ለውጥና አካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር በመሆን ገርጉርን እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በአቡ ዳቢ ውኃዎች ከልክሏል። በዚያው ጊዜ እስከ 2030 የሚዘልቅ አገር አቀፍ የዘላቂ ዓሣ ሀብት ማዕቀፍም ወጥቷል። ከንዓድ በሚባለው ዓሣ ላይም ከኦገስት 15 እስከ ኦክቶበር 15 የሚዘልቅ የመራቢያ ወቅት ክልከላ አለ።

ገርጉርን መተው ማለት ለአስጋሪው ምን ማለት እንደሆነ ከከተማ ሆኖ መገመት ቀላል አይደለም። ወጥመዱ ባሕር ውስጥ ሲያድር ሰውየው ቤቱ ያድራል። ሐዳቅ የሚባለው የመንጠቆና ክር ዘዴ ግን ሰውየው ራሱ በጀልባው ላይ እንዲቀመጥ፣ ክሩን በእጁ እንዲይዝና እያንዳንዱን ዓሣ አንድ በአንድ እንዲያወጣ ይጠይቃል። ጥቅሙም እዚያው ላይ ነው፤ ያልደረሰውን ወይም ያልፈለገውን በሕይወት እያለ መልሶ ሊለቅቀው ይችላል። ድካሙና የነዳጁ ወጪ ግን የአስጋሪው ነው። ለወጥመዶቹ ያወጣው ገንዘብም እንዲሁ።

ውጤቱን ኤጀንሲው በየዓመቱ በሚያወጣው የዘላቂ ዓሣ ማስገር መለኪያ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2018 መለኪያው 8.9 በመቶ ነበር። በ2024 መጨረሻ 97.4 በመቶ ደርሷል። እንዲህ ያለ ዕድገት በሌሎች አገሮች ብዙ ጊዜ አይታይም። ነገር ግን ቁጥሩ የሚናገረውን በትክክል መረዳት ያስፈልጋል። መለኪያው ከጠቅላላው የተያዘ ዓሣ ውስጥ ምን ያህሉ በአግባቡ ከሚጠመዱ ዓይነቶች የመጣ እንደሆነ ያሳያል። ባሕሩ 97 በመቶ በዓሣ ተሞልቷል ማለት አይደለም። ከመጠን በላይ ይጠመዱ የነበሩት ዓይነቶች መጠመዳቸው ሲቀንስ መለኪያው ወዲያው ከፍ ይላል፤ የእነዚያ ዓሦች ቁጥር የሚያገግመው ግን በዓመታት ነው። ሸዕሪ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል ዓሣ ነው። ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓሣ ሲያገግምም ቀስ ብሎ ነው። ለዚህም የአዋቂ ዓሦችን ክምችት የሚመዝን ሌላ መለኪያ አለ፤ በዚያ መለኪያ፣ ዓሣ ሳይጠመድ ቢቀር ኖሮ ሊኖር ከሚችለው ክምችት 30 በመቶ ያህሉ መኖሩ እንደ መነሻ ወሰን ይወሰዳል። ስለ ባሕሩ ጤና ለሚጠይቅ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ይሻላል።

ለምርምሩ መሣሪያ የሚሆን ጀይወን የተባለ መርከብም ተሠርቷል። 50 ሜትር ርዝመት ያለው ይህ መርከብ በስፔን ቪጎ ከተማ ተገንብቶ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በአካባቢው ቋንቋ እጅግ የተዋበውና ውዱ ዕንቁ ከሚጠራበት ቃል ነው።

ስሙ ወደ ሌላ ታሪክ ይወስዳል። የአቡ ዳቢ የባሕር ዳርቻ ሕዝብ ከነዳጅ በፊት ዋናው መተዳደሪያው ዓሣና ዕንቁ ነበር። ዕንቁ የሚለቅሙ ጀልባዎች በበጋ ለወራት ባሕር ላይ ይቆዩ ነበር፤ ዴልማ ደሴትም የታወቀች የዕንቁ መናኸሪያ ነበረች። በ1930ዎቹ ግን በአንድ በኩል ከጃፓን በእርባታ የተገኘ ዕንቁ ገበያውን ሞላው፣ በሌላ በኩል የዓለም የኢኮኖሚ ድቀት ገዢውን አሳጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የባሕረ ሰላጤው የዕንቁ ንግድ ፈረሰ፤ ሌላ መተዳደሪያ ያልነበራቸው ቤተሰቦች ለረሃብና ለስደት ተጋለጡ። በአቡ ዳቢ ባሕር ነዳጅ የተገኘው በ1958፣ ወደ ውጭ መላክ የጀመረው ደግሞ በ1962 ነው። በሁለቱ መካከል ያለፉት ከ20 በላይ ዓመታት፣ ኑሮው በአንድ የባሕር ሀብት ላይ የተንጠለጠለ ማኅበረሰብ ሀብቱ ሲቋረጥ ምን እንደሚገጥመው የአካባቢው አረጋውያን ለልጅ ልጆቻቸው የሚነግሩት ዘመን ነው።

የዛሬው አስጋሪ እንደዚያ ዘመን ሰው አይደለም። በዴልማ፣ በአል ሚርፋና በአል ሲላዕ ያሉ ቤተሰቦች የመንግሥት ሥራ፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አላቸው፤ ዓሣ ማስገር ለብዙዎቹ ከገቢ ምንጭነቱ ይልቅ የአባት ወግ ነው። ችግሩም በዚሁ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቁጥር 23 በአንድ የንግድ ዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ላይ ኤምሬታዊው ባለቤት ወይም ኤምሬታዊ ምክትል ኖኸዳ እንዲገኝ ይደነግጋል። ኖኸዳ ማለት የጀልባው አዛዥ ነው። ሕጉ የታሰበው ሙያው በአገሬው ሰው እጅ እንዲቆይና ጀልባው በሥሙ ብቻ ፈቃድ ላወጣ ባለቤት የኪራይ ንብረት ሆኖ እንዳይቀር ነው። ገመድ የሚስቡት፣ መረብ የሚጠግኑት፣ ዓሣውን ወደ በረዶ የሚያሸጋግሩት እጆች ግን በብዛት ከደቡብ እስያ የመጡ ሠራተኞች እጆች ናቸው። ወጣቱ ኤምሬታዊ ቢሮ ሲመርጥ፣ የባሕሩን ዕውቀት ቀን ከቀን የሚለማመደው ሠራተኛው ነው፤ እርሱም ኮንትራቱ ሲያበቃ ወደ አገሩ ይመለሳል። የዓሣው ቁጥር ቢያገግም እንኳ ዕውቀቱ የሚቀመጥበት ሰው የማግኘቱ ጉዳይ በቁጥር ሰንጠረዥ የሚመለስ አይደለም።

ይህ ዕውቀት ትንሽ ነገር አይደለም። ሐድራ የሚባለው ዘዴ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ጠብቆ በጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ በሚተከል አጥር ዓሣን ይይዛል፤ ሰካር የሚባለው ደግሞ ውኃው ሲመለስ ዓሣው የሚወጣበትን መስመር በመረብ ይዘጋል። ሁለቱም ጨረቃን፣ ነፋስንና የባሕሩን ወለል ማንበብ ይጠይቃሉ። ኤጀንሲው ባህላዊ ዘዴዎቹ በፈቃድና በወቅት ተወስነው እንዲቀጥሉ ማድረጉ ከዚህ አንጻር ትርጉም አለው፤ የሚጎዳው መሣሪያ ሲወጣ የሚጠቅመው ዕውቀት አብሮ እንዳይወጣ ያግዛል። በአል ሚርፋ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የዕንቁ እርባታ ማዕከል መቋቋሙም የአባቶችን ሙያ በአዲስ መልክ ከሚያቆዩ ጥረቶች አንዱ ነው።

ዕቅድ ሲዘገይ የሚሆነውን ለማየት ሩቅ ምሳሌ አለ። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ኮድ የተባለው ዓሣ ለ500 ዓመታት ያህል ሲጠመድ ኖሮ፣ ክምችቱ በመንኮታኮቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጁላይ 1992 ማጥመዱን ሙሉ በሙሉ አቆመ። 30,000 ያህል ሰዎች በአንድ ውሳኔ ሥራ አጡ። ክልከላው ጊዜያዊ ነው ተብሎ ነበር፤ የተነሣው ግን በ2024 ነው። በዚያ መካከል የባሕር ዳርቻ መንደሮች ወጣቶቻቸውን አጥተዋል።

ቅርብ ምሳሌም አለ፤ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች በተለይ። በጣና ሐይቅ ለዘመናት በደንገል ታንኳ ሲጠመድ የኖረው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባበት። የአስጋሪው ገቢ አደገ፤ የባሕር ዳር ገበያም ሰፋ። ነገር ግን በዓለም ላይ በጣና ብቻ የሚገኙት ነጭ ዓሣ የሚባሉት ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ፤ መረቡም የሚጠብቃቸው በወንዞቹ አፍ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ወደ ወንዝ የሚወጡት የእነዚህ ዓሦች አዋቂዎች ቁጥር በ75 በመቶ ገደማ መውረዱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። በኢትዮጵያ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። በአቡ ዳቢ የሸዕሪን፣ በጣና የነጭ ዓሣን መራቢያ ወቅት የመጠበቅ ሐሳቡ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ክልከላው ሲታወጅ አስጋሪው በምን ይኖራል በሚለው ላይ ነው። በጣና ዳር ለሚኖረው ሰው የሁለት ወር መረብ መሰብሰብ የሁለት ወር ባዶ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ተቆጣጣሪ ቢኖርም ባይኖርም ሌሊት መውጣቱ አይቀርም።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2014 ባጸደቁት የአነስተኛ ዓሣ ማስገር መመሪያ ይህንን ነጥብ መሠረት አድርገዋል። መመሪያው ዓሣን የመጠበቅ ጉዳይ ከአስጋሪዎች የመሬትና የውኃ መብት፣ ከሥራ ሁኔታ፣ ከማኅበራዊ ዋስትናና ከሴቶች ድርሻ ተለይቶ እንዳይታይ ይመክራል። በባሕረ ሰላጤው ይህ ከጀልባው ሠራተኛ የሥራ ሁኔታ ይጀምራል፤ ክልከላ በሚታወጅባቸው ወራት የአስጋሪው ጀልባ ሲቆም፣ የቀጣሪውም የተቀጣሪውም ወር አብሮ ይቆማልና።

አንድ ነገር ግን ከማንኛውም ፈቃድና ክልከላ በላይ ነው፤ ሙቀቱ። የባሕረ ሰላጤው ውኃ በበጋ ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል፤ እዚህ የሚኖሩ ኮራሎች በዓለም ካሉት ሁሉ ሙቀትን የሚችሉ ናቸው ቢባልም እ.ኤ.አ. በ2017 በደረሰው ሙቀት የአቡ ዳቢ ኮራሎች 73 በመቶ ሞተዋል። ኮራል የዓሣ ቤት ነው። ሰው ሠራሽ የኮራል መጠለያዎችን የመትከል ሥራ የተጀመረውም ለዚህ ነው፤ ዕቅዱ እስከ 2030 ድረስ 40,000 መጠለያዎችን በ1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ውኃ ላይ ማስቀመጥ ነው። ቁሱ ይተከላል፤ ነዋሪው ዓሣ መምጣቱ በሙቀቱ ላይ የተመሠረተ ነው።

ለአል ሪም ነዋሪ የዚህ ሁሉ ቅርብ ምልክት ማንግሮቭ ነው። በአቡ ዳቢ ዋና ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻና በጁበይል ደሴት የሚታዩት እነዚህ አረንጓዴ ዛፎች ጨው ውኃ ውስጥ ይበቅላሉ፤ ከጭቃው ወደ ላይ የሚወጡት ቀጫጭን የአየር ሥሮቻቸው ለዓሣ ጫጩቶች መሸሸጊያ ናቸው። ትልቁ ዓሣ እዚያ አይገባም፤ ትንሹ እዚያ ያድጋል፣ ከዚያም ወደ ጥልቁ ይወጣል። በሩቅ ዴልማ አቅራቢያ የሚጠመድ ዓሣ ልጅነቱን በእንደዚህ ያለ ጥላ ሥር ያሳለፈ ሊሆን ይችላል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ 100 ሚሊዮን ማንግሮቭ ለመትከል ቃል የገባችው በዋናነት ለካርቦን ቅነሳ ቢሆንም፣ ለአስጋሪው የሚሰጠው ጥቅም ምናልባት ቀድሞ የሚታየው ነው።

በሕንፃዎቹ መካከል ባለው የባሕር ዳርቻ በዕረፍት ቀን መንጠቆ ይዞ የሚቀመጥ ነዋሪ ማወቅ ያለበት ጉዳይም አለ። በአቡ ዳቢ ለመዝናኛ ዓሣ ማጥመድ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱ የሚገኘው ታም በሚባለው የመንግሥት አገልግሎት መድረክ ነው። የመዝናኛ ፈቃድ ያለው ሰው የያዘውን ዓሣ መሸጥ አይችልም፤ መረብና ወጥመድም አይፈቀድለትም። በተከለከለው ወቅት መንጠቆው ላይ የወጣ ሸዕሪ ወይም ሳፊ ወደ ውኃው ይመለሳል። በገበያም ቢሆን ምርጫ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረ የሸማቾች ዘመቻ ዓሦችን በአረንጓዴ፣ በብርቱካናማና በቀይ ከፍሎ ሐሙርን ከቀዩ መድቦት ነበር፤ ብዙ ቤተሰቦች ከዚያ ወዲህ በሐሙር ምትክ ሌላ ዓሣ መጠየቅ ለምደዋል። ወጥ ቤት የምትሠራ ሴት ይህን ካወቀች፣ አሠሪዋ ከገበያ ምን እንድታመጣ ሲጠይቋት አማራጭ ለመንገር ትችላለች።

ሜይ 1 ቀን ጠዋት ሸዕሪ ወደ ሚና ዛይድ መደቦች ይመለሳል። ጀልባዎቹ ከመንጋቱ በፊት ይገባሉ፤ ኖኸዳው ፈቃዱንና የያዘውን መጠን ያስመዘግባል፣ ሠራተኞቹ ሳጥኑን ያወርዳሉ፣ ሻጩ በረዶውን ይበትናል።